ድራመሩ የት ሄደ?

የሰርግ ሥራ ይዘን ወደ ሐዋሳ እየወረድን ነበር። ሚኒባሱ ከሰው ይልቅ ዕቃ ሞልቶታል፤ የድራም ኬዝ እግራችን ሥር፣ ስፒከር ጀርባችን ላይ። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ያስደመጠን ዘፈን ሲያልቅበት «እስቲ ከእናንተ አንዱ ይክፈት» አለና ገመዱን ወደ ኋላ አቀበለን። ስልኬን ሰካሁ። የከፈትኩት ሰሞኑን ከጆሮዬ ያልወጣውን የሳይመን ናባቶቭን አልበም ነው፤ ሰውየው ብቻውን ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የአሜሪካዊውን የጃዝ ፒያኒስት የኸርቢ ኒኮልስን ሥራዎች የሚጫወትበትን።

ሞጆን ሳናልፍ ድራመራችን ከፊት ወንበር ዞር አሉ። በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ድራመሩ የት ሄደ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፣ ሶሎ ነው።»

«ሶሎ መሆኑንማ እየሰማሁ ነው። የት ሄደ ነው የምልህ።»

ሁሉም ሳቀ። ቤዝ ተጫዋቻችን «ሻይ ሊጠጣ ወርዷል» አለ። ጋሼ ግን አልሳቁም። «ብቻውን የሮጠ ማን ይቀድመዋል» አሉና ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ተኙ።

ቀልድ ነው ብዬ ልተወው ሞከርኩ፤ እሱ አልተወኝም። ጋሼ ኸርቢ ኒኮልስ የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ ሳያውቁ፣ ስለ ኸርቢ ኒኮልስ ሊጠየቅ የሚችለውን ከባዱን ጥያቄ ነው የጠየቁት። ያ ሰው ፒያኒስት ሆኖ ለድራም የሚጽፍ ነበር። ዜማውን ሲሠራ ድራሙ የሚገባበትንና መልስ የሚሰጥበትን ቦታ ክፍት ትቶ ነው። እንግዲህ የእሱን ሥራ አከብራለሁ ብሎ የተነሣ ሰው፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ድራመሩን ከመኪናው ማውረድ ከሆነ፣ ይሄ ምን ዓይነት ማክበር ነው?

## ሌላውን ያስተዋወቀ ሰው

ፒያኒስቱን ሞንክን የማያውቅ የጃዝ አድማጭ የለም። ኒኮልስን ግን ብዙዎቻችን ያገኘነው በአጋጣሚ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልበልለት። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1919 ኒው ዮርክ ከተማ፣ ማንሃተን ውስጥ ሳን ኹዋን ሂል በሚባል ሰፈር ተወለደ። ወላጆቹ ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከትሪኒዳድና ከሴንት ኪትስ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ቴሎኒየስ ሞንክም ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያው ሰፈር ነው። ሁለቱም ፒያኒስት፣ ሁለቱም ሰው ያልለመደውን ኮርድ የሚወዱ፣ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አጨዋወት ነው» የተባሉ። ልዩነቱ ሞንክ በመጨረሻ ሰሚ ማግኘቱ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ የ1944ቱ ነገር ነው። በዚያ ዓመት፣ ሞንክን ከጥቂት ሙዚቀኞች በቀር የሚያውቀው በሌለበት ጊዜ፣ ኒኮልስ «ዘ ሚዩዚክ ዳያል» በሚባል መጽሔት ላይ ስለ ሞንክ ጻፈ። የራሱ ሥራ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እሱ የጎረቤቱን ልጅ ለዓለም ያስተዋውቃል። ስለ ኒኮልስ እንዲህ የሚጽፍለት ሰው ሲመጣ ግን እሱ በሕይወት አልነበረም። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም የሚባለው አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር፤ ኒው ዮርክም ይሠራል።

የሪከርድ ኩባንያ በር የተከፈተለትም ለዓመታት ደጅ ጠንቶ ነው። ብሉ ኖት በመጨረሻ ስቱዲዮ ያስገባው በ1955 ግንቦትና ነሐሴ፣ ከዚያም በ1956 ሚያዝያ ላይ ነበር። ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም፣ በቃ። ድራም ላይ የተቀመጡት ግን እነማን እንደሆኑ ተመልከቱ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አርት ብሌኪ፣ በቀሩት ማክስ ሮች። በዚያ ዘመን ከእነዚህ ሁለቱ የሚበልጥ ድራመር ልጥራ ብትል የሚጠራ አታገኝም። ወደ 30 የሚጠጉ ዜማዎች ተቀረጹ፤ እሱ በሕይወት ሳለ የወጡት 22 ናቸው። የቀሩት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው አየር ያገኙት። በ1957 ለሌላ ኩባንያ አንድ አልበም ሠራ። ከዚያ በኋላ በራሱ ስም ምንም። ትራምፔትና ሳክስፎን ገብተውበት ዜማው ሲሰፋ መስማት ይመኝ ነበር፤ አንድም ጊዜ በራሱ ስም ከነፋሽ መሣሪያ ጋር ሳይቀረጽ በ1963 ሚያዝያ በደም ካንሰር ሞተ። 44 ዓመቱ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል ምን እየበላ ነበር? ዲክሲላንድ እየተጫወተ። ግሪንዊች ቪሌጅ አካባቢ ባሉ መጠጥ ቤቶች፣ ያኔ ራሱ ያረጀውን የኒው ኦርሊንስ ስልት፣ እየጠጣ ለሚያወራ ሰው። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም ይህን ሕይወት አውቀዋለሁ። ሰርግ ላይ ስንት ዓመት ያጠናኸውን ነገር አጥፈህ ኪስህ ውስጥ ከትተህ «ሙሽራዬ»ን ትመታለህ። በቅሬታ አይደለም የምለው፤ ሰርግ ደስ ይለኛል፣ ክፍያውም ደህና ነው። ግን ቤት ውስጥ በእርሳስ የሞላሃቸው ወረቀቶች እንዳሉ እያወቅህ መጫወት ሌላ ነገር ነው።

## ወረቀቶቹ

ከ170 በላይ ዜማ ጽፏል ይባላል። ከሞተ በኋላ ብዙው ወረቀት የቀረው አባቱ ቤት ነበር፤ ቤቱን ውኃ ገባውና ብዙው ጠፋ። የተረፈውን ያተረፉት በአብዛኛው አንድ ሰው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሮዝዌል ረድ የሚባሉ ትሮምቦን ተጫዋች፣ በኒኮልስ የመጨረሻ ዓመታት አብረውት እየተጫወቱ ዜማዎቹን የተማሩ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዚህ ሰው ሲሟገቱ ኖረዋል። ኋላ በ1990ዎቹ ፒያኒስቱ ፍራንክ ኪምብሮና ቤዝ ተጫዋቹ ቤን አሊሰን ዋሽንግተን፣ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ሄደው፣ ኒኮልስ ለባለቤትነት መብት ብሎ ያስመዘገባቸውን ዜማዎች ከመዝገብ ውስጥ ፈልገው አወጡ። ኒኮልስ ኪሱ ባዶ በነበረበት ጊዜ እንኳ ዜማውን ማስመዝገቡን አልረሳም ማለት ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ስንት የእኛ ዜማ ደራሲ ነው ሥራውን ካሴት ላይ ዘምሮ ለዘፋኙ ሰጥቶ የሄደ።

አንዱን ዜማውን ግን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ የእሱ መሆኑን ሳያውቅ። «ሰረናድ» ብሎ የሰየመውን ዜማ ቢሊ ሆሊዴይ ወሰደችው፤ ግጥም ገባበት፣ «ሌዲ ሲንግስ ዘ ብሉዝ» ሆነ። በ1956 የአልበሟም የግለ ታሪክ መጽሐፏም ርዕስ ነው። ዛሬ ያንን ርዕስ ስትጠራ ሰው የሚያስበው እሷን ነው፤ ልክም ነው፣ ያ ድምፅ ማንንም ይሸፍናል። እኛስ ምን እንላለን? «የጥላሁን ዘፈን»፣ «የአስቴር ዘፈን»። ዜማውን ማን ሠራው፣ ማን አቀናበረው የሚለው ካሴቱ ሽፋን ውስጥ፣ በሚያሳምም ደቃቅ ፊደል ነው። ግርማ በየነን ያህል ስንት የምናፈቅረውን ዘፈን ያቀናበረ ሰው፣ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ከቀረ በኋላ ለዓመታት ነዳጅ ማደያ ሠርቷል። በ2017 አዲስ አልበም ይዞ ሲመለስ ብዙ ወጣት «ማን ነው እሱ?» አለ። ጣቶቹን ግን ስንሰማ ነው ያደግነው።

ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ሰው መታሰቢያ አልበም መሥራት፣ ለታወቀ ሰው እንደመሥራት አይደለም። ለኤሊንግተን አልበም ስትሠራ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው የምታወራው፤ አድማጩ ዜማውን ይዞ ይመጣል፣ አንተ እያጣመምክ ታስደስተዋለህ። ለኒኮልስ ስትሠራ ግን አድማጩ መጀመሪያውን አያውቀውም። የምታጣምመው ነገር የቱ እንደሆነ ሳያውቅ ጠማማውን ብቻ ይሰማል። ሞጆ መንገድ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ የሆነው ይሄው ነው።

## ሌሊት፣ ሲመለሱ

ሰርጉ አልቆ ዕቃ ጭነን ስንመለስ ከእኩለ ሌሊት አልፏል። ከሾፌሩ፣ ከእኔና ከጋሼ በቀር ሁሉም ተኝቷል። ጋሼ ድካም የማያስተኛቸው ዓይነት ሰው ናቸው። ዝዋይ አካባቢ ስንደርስ «እስቲ ያንን ሰውዬ ክፈተው» አሉኝ።

«የትኛውን?»

«ድራመሩን ያባረረውን።»

ከፈትኩ። «ዘ ስፒኒንግ ሶንግ» ላይ ነበር የቆመው፤ የአልበሙ ስም የወጣው ከእሱ ነው። ዜማው በራሱ ዙሪያ ይዞራል፤ ያለቀ ሲመስልህ ጫፉን ይዞ እንደገና ይጀምራል፣ ግን በጀመረበት ኮርድ አይደለም። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ያለው የስኔር ኬዝ ላይ መምታት ጀመሩ፣ በጣም በቀስታ። መጀመሪያ ላይ ከፒያኖው ጋር እኩል ይሄዱ ነበር። ትንሽ ቆይተው አቆሙ። ፒያኖው ዝም ባለበት፣ አንዱ ሐረግ አልቆ ሌላው ሳይጀምር ባለችው ስንጥቅ ውስጥ ብቻ፣ ሁለት ምት ጣል አደረጉ። በሚቀጥለው ስንጥቅ ሦስት። በሚቀጥለው ምንም፤ እጃቸውን አንሥተው ጠበቁና መልሰው አኖሩት።

ሳላስበው ስልኩን ድምፁን ዝቅ አደረግሁት፣ ጣታቸውን ለመስማት።

«አየህ» አሉኝ፣ ዜማው ሲያልቅ። «ይሄ ሰውዬ ቦታዬን አልሸጠውም።»

ከዚያ በኋላ እስከ አዲስ አበባ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔም ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ አላስፈለገም። ሙያችንን የሚያውቅ ሰው ያቺን «አልሸጠውም» የምትል ቃል ይረዳታል።

## የሪትም ቁልፍ

ጋሼ ድራም የጀመሩት ባንድ ባንድ በነበረበት ዘመን ነው፤ ብራሱ (ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑ) ሙሉ፣ ድራመሩ ከኋላ ከፍ ብሎ የተቀመጠ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፤ የሌሊት ሙዚቃ ወይ ቆመ ወይ ሰው በር ተቆልፎበት እስኪነጋ የሚያድርበት ሆነ። ባንዶቹ ሳሱ። ቀጥሎ ደግሞ ኪቦርዱ መጣ፤ ድራሙን፣ ቤዙን፣ ብራሱን በአንድ ሳጥን ይዞ። አንድ ኪቦርዲስትና አንድ ዘፋኝ ሲበቃ፣ ማን ነው ለድራመር የሚከፍል? ባለቤቱ ሒሳብ ያውቃል። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ድራማቸውን ጨርቅ አልብሰው፣ ሌላ ሥራ ሠርተዋል። በአንድ እጅ አይጨበጨብም ይሉ ነበር፤ ኪቦርዱ ግን ማጨብጨቢያም አለው፣ ከቀኝ በኩል ሦስተኛው ቁልፍ።

እኔ የዚያ ቁልፍ ልጅ ነኝ። ሙዚቃ የተማርኩት ኪቦርድ ላይ ነው፣ እንጀራዬንም የበላሁት ሪትም የምትለዋን ቁልፍ እየተጫንኩ። በግራ እጄ ኮርዱን እይዛለሁ፣ ማሽኑ ቺክቺካውን ይመታል፣ ሰው ይጨፍራል። ስለዚህ በእኛ አገር ሶሎ መጫወት ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሌሎቹ ሰዎች እንደሌሉ ማንም እንዳያስተውል አድርጎ መጫወት ማለት ነው። የተሳካ የኪቦርድ ምሽት ማለት ማንም «ድራመሩ የት ሄደ?» ብሎ ያልጠየቀበት ምሽት ነው።

ናባቶቭ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይህ የገባኝ ጋሼ ጣታቸውን ሲያነሡ ነው። ሰውየው ጉልበት አጥቶ አይደለም። በ1959 ሞስኮ ተወልዶ፣ በሃያ ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ተሰድዶ፣ ኒው ዮርክ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጀርመን፣ ኮሎኝ የሚኖር ፒያኒስት ነው። እጆቹ ለማመን የሚያስቸግሩ ናቸው። ግራ እጁ ብቻውን ቤዝና ድራም ሆኖ ማምሸት ይችላል፤ በዚህ አልበምም አንዳንድ ቦታ ያደርገዋል፣ የፒያኖውን ታችኛ ክፍል እንደ ከበሮ ይደበድበዋል። (እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ይበዛብኛል። ችሎታው ዜማውን አልፎ ሲሮጥ «ቆይ እንጂ» ማለት ያምረኛል።) ግን ዋናው ነገር ላይ፣ ኒኮልስ ክፍት ትቶ የጻፈው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ አይሞላውም። ክፍት ይተወዋል። ያ ክፍት ቦታ በሦስትዮሹ ቅጂ ላይ አይታይም፣ ምክንያቱም እዚያ ሮች ወይም ብሌኪ ተቀምጠውበታል። ሰው የተቀመጠበት ወንበር ቅርጹ አይታይህም።

ቤት ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ የ1955ቱን ቅጂ ከፈትኩ። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ግን እኔ ኪቦርዲስት ስለሆንኩ ጆሮዬ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ፒያኖው ነበር። ኒኮልስ የትኛውን ኮርድ ያዘ፣ በየት ዞረ። በዚያ ሌሊት ግን የሰማሁት ብሌኪን ነው። ፒያኖው አንድ ነገር ይልና ይቆማል፣ ብሌኪ ይመልስለታል፣ ፒያኖው ያንን መልስ ሰምቶ ነው የሚቀጥለው። ሁለቱ ሰዎች እያወሩ ነበር፣ እኔ ለዓመታት የአንደኛውን ወገን ብቻ ሳደምጥ። «ዘ ሰርድ ወርልድ» (ሦስተኛው ዓለም) የሚለው ዜማ ላይ ይሄ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። (የተቀረጸው በ1955 ግንቦት፣ ኢትዮጵያም የተገኘችበት የባንዱንግ ጉባኤ ከተደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ርዕሱን መጀመሪያ ሳይ ለእኛ የጻፈልን መስሎኝ ኮርቼ ነበር።)

## ሦስት ዓይነት መታሰቢያ

ኒኮልስን ለማሰብ የተሠራው የናባቶቭ አልበም ብቻ አይደለም። በ1982 ሮዝዌል ረድ፣ ሳክስፎኒስቱ ስቲቭ ሌሲና ሆላንዳዊው ፒያኒስት ሚሻ ሜንገልበርግ ከጓደኞቻቸው ጋር «ሪጀነሬሽን» የሚል አልበም ቀረጹ። ሸክላው አንዱ ገጹ የኒኮልስ፣ ሌላኛው ገጹ የሞንክ ነው። የሳን ኹዋን ሂል ሁለቱ ልጆች በመጨረሻ እኩል ቦታ ተሰጣቸው፤ ይሄን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ። ኪምብሮና አሊሰን ደግሞ ከመዝገብ ቤት ያወጧቸውን ዜማዎች ትራምፔትና ሳክስፎን ጨምረው ተጫወቷቸው፤ ኒኮልስ ሲመኘው የሞተውን ድምፅ ነው የሰጡት። ይሄ ዕዳ መክፈል ነው። ማንም ሰው ሊቃወመው አይችልም፣ እኔም አልቃወምም፤ እንዲያውም ኒኮልስን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ የምሰጠው ከእነዚህ አንዱን ነው።

ግን አንድ ነገር አለ። ለሞተ ሰው የጎደለውን ሁሉ ስታሟላለት፣ የጎደለው እንደነበር ይረሳል። ቆንጆ ባንድ፣ ቆንጆ ቅንብር፣ አድማጩ ያጨበጭባል፤ ሰውየው ዕድሜውን በሰው ዲክሲላንድ ባንድ ጥግ ላይ ተቀምጦ መጨረሱ ከጆሮ ይጠፋል። እኛም ጋ ለታላላቆቹ የሚዘጋጁት የክብር ምሽቶች እንዲህ ናቸው። ወጣት ዘፋኞች በተራ እየወጡ ዘፈኑን ያሳምሩታል፣ አዳራሹ ይቆማል፣ ዜማውን የሠራው ሰው አምስተኛው ረድፍ ላይ ካባ ለብሶ ይቀመጣል። ካባው ጥሩ ነው። ዜማው ግን ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ዓመታት የማን ተብሎ እንደተዘፈነ የሚያነሣ የለም።

የናባቶቭ አልበም ምንም አያሟላም። አንድ ሰው፣ አንድ ፒያኖ። ኒኮልስ ራሱ ብዙውን ዜማ ሲሠራው እንደነበረው ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ፣ ድራመሩን በጭንቅላቱ ይዞ፣ የሚጠራው ሰው ስልክ እስኪደውል እየጠበቀ። ለዚህ ነው አልበሙን ስሰማ ደስታ ብቻ የማይሰማኝ። ለእኛ ጆሮ ብቻውን የሚጫወት ፒያኖ ማለት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው፤ የእሳቸው ብቸኝነት ግን የመረጡት፣ ጸሎት ያለበት ብቸኝነት ነው፣ ማንም የጎደለበት አይመስልህም። የኒኮልስ እንዲያ አይደለም። የእሱ ሰው የተጠራበትና ያልመጣበት ነው። ናባቶቭ ይህን ሳያስውብ ትቶታል፤ ምናልባትም አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ስለሆነ ይሆናል፣ ባዶ ወንበር የማያስደነግጠው።

ይሄን ሁሉ ለጋሼ ስነግራቸው በግማሽ ነው የተስማሙት። «መልካም» አሉኝ። «ክፍት ከተወው ግን ለምን አልጠራኝም?» መልስ አልነበረኝም። ባንዱ ውስጥ የሚጠቅመው ክርክር ይሄ ነው መሰለኝ፤ እኔ ባዶው ቦታ ብዙ ይናገራል እላለሁ፣ እሳቸው ባዶ ቦታ ኪራይ አይከፍልም ይላሉ። ሁለታችንም ልክ ነን፤ የእሳቸው ልክነት ግን የእኔን ያህል አያምርም፣ ስለዚህ ማንም አይጽፍለትም።

## «ተበላሸ እንዴ?»

በሳምንት ጥቂት ቀን አንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ እጫወታለሁ፤ እራት ሰዓት፣ ለስላሳ ነገር። ባለፈው ወር አንድ ማታ ሪትሙን አጠፋሁና የኒኮልስን «ሃውስ ፓርቲ ስታርቲንግ» ጀመርኩ። ርዕሱ ግብዣ ይላል፤ ዜማው ግን እንግዳው ይምጣ አይምጣ ገና ያልታወቀበት ቤት ነው። ድራም የሚገባበት ቦታ ስደርስ እጄን አነሣሁ። የሹካና የቢላ ድምፅ ገባበት። ቀጠልኩ። ሁለተኛው ቦታ ላይ አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ ከሚዛኑ ጋር ግጥም ብሎ።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ ለሙዚቀኛ በሰዓቱ ይከፍላል። ጎንበስ ብሎ «ኪቦርዱ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ።

«አልተበላሸም፣ ድራም የሌለው ዜማ ነው።»

«እንግዶች እየበሉ ነው፤ እስቲ ትንሽ ሞቅ አድርገው።»

ሞቅ አደረግሁት። የቀረውን ምሽት በሪትም ጨረስኩ፣ ሰውም ደስ ብሎት በላ። አሁን ቤት ውስጥ የምለማመደው «ላቭ፣ ግሉም፣ ካሽ፣ ላቭ» የሚለውን ነው፣ የ1957ቱን አልበም ስም የሰጠውን። ፍቅር፣ ድብርት፣ ገንዘብ፣ ፍቅር፤ ሙዚቀኛ ብቻ ነው እንዲህ ያለ ርዕስ የሚያወጣ። ቀኝ እጄ እየገባለት ነው። ግራው ግን ክፍቱ ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር አሁንም ቁልፏን ይፈልጋል።